አምስት ቁጥር የቱ ነው?

በእህቴ ቀብር ላይ ሥራ አስኪያጇ ተነሥቶ «ታጋሽ ነበረች። የታዘዘችውን እሺ ብላ የምትሠራ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሠራተኛ ነበረች» አለ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም በዚያ ሰዓት ለክርክር የሚሆን አፍ አልነበረኝምና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል። አሁን ልናገረው፦ እህቴ ታጋሽ አልነበረችም። የታዘዘችውንም ሁሉ እሺ አላለችም። ድምፅዋም ይሰማ ነበር፤ እሱ ራሱ ከማንም በላይ ሰምቶታል። ያልሆነችውን ሆና እንድትታወስ አልፈልግምና እንደነበረችው ልጻፋት።

ታናሼ ናት፤ በአራት ዓመት እበልጣታለሁ። በሥራ ቦታዋ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ያገኘችውን ነገር ሁሉ ጫፍ ጫፉን ሳትወጋ አታልፍም። ቲማቲም ስትገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠች ሻጩን ታሰለቸዋለች። አንዱ ተማርሮ «እህቴ፣ ልትበይው ነው ወይስ ልታገቢው?» ብሏት ያውቃል። «ያገባሁትንማ ይሄን ያህል አላገላበጥኩትም፤ ለዚህ ነው ዛሬ የማገላብጠው» ብላው ሄደች። እውነቷን ነው። ባሏ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ጥሏት ጠፋ፤ እሷም አንድ ሻንጣ ይዛ ወደኔ መጣች። «ለአንድ ሳምንት ነው እታለም» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። እኔ በፊተኛው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ትልና ጫማዋን አውልቃ የዋለችበትን ታወራኛለች። ስለዚህ ሥራዋን እንደ ራሴ ሥራ አውቀዋለሁ።

ሥራዋ ገጣጣሚነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ጎማ መሸጫ ጀርባ ያለ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ለጫጩት መፈልፈያ ማሽን የሚሆን መቆጣጠሪያ ሣጥን ይሠራል። መፈልፈያው እንቁላል የሚታቀፍ ቁም ሣጥን ነው ብላችሁ አስቡት። መቆጣጠሪያው ደግሞ አንጎሉ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ያበራል፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ማራገቢያውን አስነሥቶ የውጭ አየር ያስገባል፣ ነገር ሲበላሽ ደወል ይደውላል። ሦስቱንም የምታዛቸው ሣጥኑ ውስጥ ያለች የግማሽ መዳፍ የምታክል ቦርድ ናት። መሐሏ ላይ ትእዛዝ የሚጫንበት ቺፕ አለ፤ በግራና በቀኟ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ትንንሽ የብረት እግሮች አሏት። በእያንዳንዱ እግር ጎን የጉንዳን ራስ የምታክል ቁጥር ታትማለች።

ፎቁ ላይ የሚቀመጠው ፕሮግራመር ለቺፑ ትእዛዝ ይጽፋል፦ ሲቀዘቅዝ አምስት ቁጥርን አብራ። ታች ያሉት ሦስት ሴቶች ደግሞ የማሞቂያውን ሽቦ አምስት ቁጥር እግር ላይ ይበይዳሉ። ማሞቂያ አምስት፣ ማራገቢያ አራት፣ ደወል ሁለት። ይህን የሚነግራቸው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም በደረጃው መሐል በገመድ በሚወርድ ቅርጫት ይመጣል። ከታች የሚወጣ፣ ከላይ የሚወርድ ሠራተኛ የለም። ይህ የሥራ አስኪያጁ ደንብ ነው። ሰውየው ከአፉ «ቶሎ ቶሎ» ስለማይለይ ከኋላው «ጋሼ ቶሎ» ይሉታል። «ወሬ ሥራ ያስፈታል፤ ዝም አይነቅዝም» ይላል።

ሣጥኑ ሲያልቅ ገጣጣሚዋ የመጨረሻውን ብሎን በራሷ የጥፍር ቀለም ትነካዋለች፤ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ። የአንዷ ቀይ፣ የአንዷ ሮዝ፣ የእህቴ ወይን ጠጅ ነበር። ጥፍሯን ግን አንድም ቀን ተቀብታ አላየኋትም።

ለዓመታት የሠሩበት ሰማያዊ ቦርድ ከገበያ ጠፋ። የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ገዢ ሲዞር ከርሞ በምትኩ ጥቁር ቦርድ አመጣ። ቺፑ ያው ነው፤ ፕሮግራሙም ያለ ችግር ይጫንበታል። ካርቶኑን ታች አስቀምጦ «ያው ነው» ብሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ዶሮ አርቢ መቆጣጠሪያዋ ተቃጠለባት። መፈልፈያው ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንቁላል ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። አስቸኳይ ነው ተባለ። እህቴ በጥቁሩ ቦርድ ሠራችላት። ሣጥኑ ሲለኮስ ትንሿ ስክሪን «ማሞቂያ በርቷል» የሚል ጽሑፍ አወጣች። ጋሼ ቶሎ ከትከሻዋ በላይ አየና «ይኸው በርቷል አይደል? ይውሰዱት!» አለ። ማሞቂያው ራሱ እዚያ አልነበረም፤ በራ የሚለው ጽሑፉ ብቻ ነው።

አርቢዋ ወስዳ ገጠመችው። መፈልፈያው ገና ሙቀቱን አልለቀቀም ነበር። ጽሑፉን አነበበች፤ አንድ ነገር ቢሆን ደወል አለ ብላ በሩን ዘግታ ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። በማግስቱ ስትከፍተው ማሞቂያው ቀዝቅዟል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ደወሉ ትንፍሽ አላለም። እንቁላሉ የወንዝ ድንጋይ ሆኗል።

ጋሼ ቶሎ ሣጥኑን አስመጥቶ ብሎኑን አየ። ወይን ጠጅ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወረቀት በቅርጫቱ ወረደ፦ «ጉዳቱ የደረሰው ገጣጣሚዋ ሽቦዎቹን በማዛወሯ ነው።» ከሥሩ ስሟና የፊርማ ቦታ አለ። ወረቀቱን ተከትሎ ራሱ ወረደ።

«ፈርሚ፤ ለወጉ ነው» አላት።

«ለወጉ ከሆነ እርስዎ ይፈርሙበት ጋሼ።»

«ስሙ ያንቺ ነው።»

«ጥፋቱስ?»

«ቀለሙ የማን ነው? ያንቺ። አለቀ። ደግሞ አላባረርኩሽም፤ ወደ ማሸጊያ ክፍል ትዛወሪያለሽ። ሰው ነሽ፣ ተሳሳትሽ።»

«ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን አላዛወርኩም። አምስት አላችሁኝ፣ አምስት ላይ በየድኩ። ይቁጠሩት።»

አልቆጠረም። «እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ» ብሎ ወጣ።

ማሸጊያ ክፍል ማለት ካርቶን ማጠፍ ነው። ካርቶን ማጠፍ ነውር የለበትም። ግን ፊርማዋ ካረፈ በኋላ የመበየጃ ብረት የሚያስጨብጣት ቤት እንደማይኖር ታውቃለች። የገጣጣሚ ስም በየመሥሪያ ቤቱ ከራሷ ቀድሞ ይደርሳል።

ቤት ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። ነገሩን ከነገረችኝ በኋላ እኔ ያልኳትንም ልጻፍ፤ ስለሷ እውነቱን እጽፋለሁ ብዬ ስለራሴ ብዋሽ ዋጋ የለውም። «ፈርሚና እንደር» አልኳት። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ጋሼ ቶሎ ነው ንጉሡ?» አለችኝ። «የጫማው ሶል እንኳ በማስቲሽ ነው የቆመው።»

«እኔ ቁም ነገር ነው የማወራሽ።»

«እኔም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እታለም። ዛሬ ከፈረምኩ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበት እጅ እዚያ ወረቀት ላይ ተበላሽቶ ይቀራል። ማን ይፍቅልኛል?»

«ተሳስተሽ ቢሆንስ?»

«ከተሳሳትኩማ እፈርማለሁ» አለች። «ግን የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ልየዋ። ሳላይ አልፈርምም።» ያበሰልኩትን ሳትቀምስ ተነሣች። እስካሁን ለሁለት ሰው ነው የማበስለው፤ ልማድ ነው።

በማግስቱ ከአሮጌ ዕቃ መሳቢያ አንድ ሰማያዊ ቦርድ፣ ከአዲሱ ካርቶን አንድ ጥቁር፣ ደግሞ ሁለት ሽቦ የተበየደላት የስንዴ ፍሬ የምታክል መብራት ይዛ ደረጃውን ወጣች። ያንን ደረጃ በአሥራ አራት ዓመት ረግጣው አታውቅም። ከጎኗ የምትቀመጠው ገጣጣሚ፣ ሳቅ ስለማይለያት «ፍልቅልቋ» የሚሏት፣ ከሥር ሆና «መርፌ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!» ብላ ጮኸችባት።

«ዘንዶውማ ወጥቶ እንቁላል በልቷል» አለች እህቴ ዞር ሳትል።

ፕሮግራመሩ ጢሙን ያሳደገ፣ ከወንበሩ የማይነሣ ሰው ነው። ሲያያት ደነገጠ። «እትዬ መርፌ! ምነው፣ ቅርጫቱ ተበጠሰ እንዴ?»

«ቅርጫቱ ደህና ነው። አምስት ቁጥር የቱ እንደሆነ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት።»

«አምስት ቁጥርማ አምስት ቁጥር ነው።»

«እንግዲያው አብራልኝ። ሌላ ምንም አትጻፍ። አምስትን ብቻ አብራ።»

ሳቀ፤ ግን አደረገው። መጀመሪያ ሰማያዊውን ሰካ። እህቴ የመብራቷን አንድ ሽቦ ኤሌክትሪኩ በሚመለስበት፣ «መሬት» በሚሉት እግር፣ ሌላውን አምስት ቁጥር ላይ አስነካች። በራች። «ይኸው» አለ። ጥቁሩን ሰካ። አምስት ላይ አስነካች። ጭልምልም።

«ሽቦዎ ተፈቷል።»

«ሽቦዬ አይፈታም» አለች፤ ሽቦውን ሳታነሣ ወደሚቀጥለው እግር አሻገረች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እግር በእግር ስትሄድ አንዱ ላይ መብራቷ ቦግ አለች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ። አንድ ይላል።

«አሁን ደግሞ አራትን አብራ።» ሁለት የሚለው ላይ በራ። «ሁለትን አብራ።» አራት የሚለው ላይ በራ።

ፕሮግራመሩ ጢሙን ያዘ። እሱ የሚጽፈው ቺፑ ለገዛ እግሮቹ ያለውን ቁጥር ነው። ቦርዱ ላይ የሚታተመው ግን ቦርዱን የሠራው ፋብሪካ የሚሰጠው ስም ነው። በሰማያዊው ሁለቱ አንድ ስለነበሩ ሁለት መሆናቸውን ማንም አስቦት አያውቅም። የጥቁሩ ፋብሪካ በራሱ ተራ ቆጥሯል። ስለዚህ የማሞቂያው ትእዛዝ ሽቦ ወዳልነካው እግር ሄዶ ቀረ። እንቁላሉ ሲበርድ ደወሉን መጥራት የነበረበት ትእዛዝ ደግሞ ማራገቢያውን አስነሣ፤ ማራገቢያውም የውጭ አየር እያስገባ የባሰ አቀዘቀዘው።

«ቦርዱ መለወጡን ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ጥቁር ቦርድ ዛሬ ማየቴ ነው። ፕሮግራሙን የምትጭኑት እናንተ ታች። ማን ነገረኝ?»

«እኔ አይቻለሁ» አለች እህቴ። «ጥቁር መሆኑን አየሁ። የቁጥሮቹ አሰላለፍ መለወጡንም አየሁ። ግን አልጠየቅኩም።»

ቀጥላ «ስማ» አለችው። «ከእንግዲህ በቁጥር አትላክልኝ። ሥራውን ጻፍ። ማሞቂያ፣ ማራገቢያ፣ ደወል። በፕሮግራምህም ውስጥ እንደዚያው። የትኛው ሥራ በየትኛው ቦርድ የትኛው እግር እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጻፍ፤ ለሰማያዊው አንድ ገጽ፣ ለጥቁሩ አንድ ገጽ። የትኛው ቦርድ እንደሆነ ካልተነገረው ፕሮግራሙ አልጫንም ይበል።»

«እምቢ የሚል ፕሮግራም?»

«እምቢ ማለት የሚችል አንድ ነገር በዚህ ቤት ይኑር እንጂ።»

ድምፅ ሰምቶ ጋሼ ቶሎ ከቢሮው ወጣ። «ማን ነው የወጣው? ማን ፈቀደ?» እህቴ መልስ ሳትሰጥ መብራቷን እንደገና አስነክታ አሳየችው፤ አምስት ጭልምልም፣ አንድ ቦግ። አየ። ሞኝ አይደለም፤ ገባው።

«ጥሩ። እንግዲህ ምክንያቱን አወቅሽ። አሁን ፈርሚና ውረጂ።»

«ምኑን ነው የምፈርመው? ያዛወርኩት ሽቦ እንደሌለ በዓይንዎ አዩ።»

«ማየት ነበረብሽ!»

«ማየት ነበረብን።»

«ለአርቢዋ የምሰጣት አንድ ስም ነው!» አለ እየተቆጣ። «አራት ስም ልስጣት? ቤቱ በሙሉ ዕውር ነው ልበላት?»

«እውነቱ እሱ ከሆነ ይበሏት» አለችና ወረደች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን አጣጠፈች።

ሦስት ቀን እንዲሁ ዋለች። ጠዋት በሰዓቷ ትገባለች፣ ጠረጴዛዋን ትወለውላለች፣ እጇን ታጣጥፋለች። ቅርጫቱ ሲወርድ ወረቀቱን ታነባለች። «ማሞቂያ 5፣ ማራገቢያ 4፣ ደወል 2» ይላል። ከሥሩ «አምስት ቁጥር የቱ ነው?» ብላ ትጽፍና ገመዱን ትስበዋለች። ቅርጫቱ ይወጣል። ሌላ ወረቀት ይወርዳል፤ ያው ነው። «አምስት ቁጥር የቱ ነው?» ትላለች ደግማ።

የመጀመሪያው ቀን ሌሎቹ ሳቁባት። ፍልቅልቋ «መርፌ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ቁጥር እየተማረች ነው» እያለች ሌላዋን በሳቅ ገደለቻት። በሁለተኛው ቀን ፍልቅልቋ ጥቁር ቦርድ በእጇ ገብቶ ሽቦውን አምስት ላይ ልታደርግ ስትል እጇ ቆመ። ቦርዱን አገላበጠች። «እኔ ምን አውቄ» አለችና እሷም «አምስት ቁጥር የቱ ነው?» ብላ ጽፋ ላከችው። መደርደሪያው ላይ ጥቁር ቦርድ የገባባቸው ስድስት ሣጥኖች አልቀው፣ ታሽገው፣ ብሎናቸው ቀይና ሮዝ ተቀብቶ ሰኞ ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል። ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልወደደም።

ጋሼ ቶሎ ወርዶ «ተቀምጦ መብላት ይበቃል፤ ዓርብ ሳትፈርሚ ብትቀሪ ሰኞ እንዳትመጪ» አላት።

«ሰኞ ገና ነው ጋሼ። ዛሬ አምስት ቁጥር የቱ ነው?»

ሐሙስ ከሰዓት ቅርጫቱ ሌላ ዓይነት ወረቀት ይዞ ወረደ። በሠንጠረዥ ነው። በግራ ሥራው፣ በመሐል በሰማያዊው ላይ የታተመው፣ በቀኝ በጥቁሩ ላይ የታተመው። ከሥሩ በትንሽ ጽሕፈት «እትዬ፣ ፕሮግራሙም እንዳሉት ሆኗል፤ ለጋሼ እንዳይነግሩብኝ» ይላል። እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። እምቢታዋን ግን አላነሣችም። ሠንጠረዡ ሥራውን ያስተካክላል፤ ስሟን አያስተካክልም።

ዓርብ ጠዋት ምሳዋን ረስታ ወጣች። ወይም ሆን ብላ ተወችው። ስድስት ሰዓት ገደማ ይዤላት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥኩ ዶሮ አርቢዋ ገባች። ረጅም ሴት ናት፤ የጎማ ቦት አድርጋለች፤ ቦቱ ላይ ላባ ተጣብቋል። ሌላ መቆጣጠሪያ ልትወስድ ነው የመጣችው። ጋሼ ቶሎ እየሮጠ ወረደ።

«እናቴ፣ እንኳን መጡ። ጥፋተኛዋ ይችውልዎት። ዛሬ ትፈርማለች፤ ወረቀቱንም ይዘው ይሄዳሉ።»

«እኔ ወረቀት አልፈለፍልም» አለች አርቢዋ። «ማሽን ነው የምፈልገው።»

እህቴ ተነሣች። እጇ ላይ የራሷ ወረቀት አለ። «እናቴ፣ እኔ የምፈርመው ይሄኛውን ነው፤ ይስሙኝ» አለችና ማንበብ ጀመረች።

«ዕቃ ገዢው የቦርዱ ዓይነት ተለውጦ ሳለ ያው ነው ብሎ አስረክቧል። ፕሮግራመሩ የቺፑን ቁጥር ጽፎ የምን ቁጥር እንደሆነ አልገለጸም። ሥራ አስኪያጁ ሣጥኑ ማሞቂያ ሳይገጠምለት በስክሪን ጽሑፍ ብቻ ታይቶ እንዲወጣ አዟል። ገጣጣሚዋ የቦርዱን ቀለምና የቁጥሮቹን አሰላለፍ መለወጥ አይታ አልጠየቀችም።»

«ይቺ ሴት አብዳለች!» አለ ጋሼ ቶሎ።

አርቢዋ እጇን አነሣችበት። «ይሄ አይታ አልጠየቀችም ያልሽው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽም? ፈርተሽ?»

«አልፈራሁም። አውቃለሁ ብዬ ነው።»

አርቢዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እንቁላሌን አይመልስልኝም» አለች።

«አይመልስም።»

«ዘጠኝ ቀን ነው ያገላበጥኳቸው።»

«አውቃለሁ እናቴ።»

እህቴ ጎንበስ ብላ በአራተኛው ዐረፍተ ነገር ሥር ፈረመች፤ በሌሎቹ ሥር ሳይሆን በራሷ ብቻ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። አርቢዋ ወደ ጋሼ ቶሎ ዞረች። «ሌሎቹስ? ይፈርሙ እንጂ። የበደለውን የማያውቅ ቤት የሠራውን ሣጥን ደግሜ እንቁላል ላይ አልጭንም። ከዚህም ወጥቼ ዝም አልልም፤ ዶሮ አርቢ ሁሉ እንደሚተዋወቅ ያውቃሉ።»

ደረጃው ተንቋቋ። ፕሮግራመሩ ወረደ። ማንንም ሳያይ መጥቶ በሁለተኛው ሥር ፈረመና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጥግ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ዕቃ ገዢ «አለቃ ሳይፈርም እኔ ማን ነኝ?» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ገጣጣሚ በጻፈችው ወረቀት ላይ አልፈርምም!» አለ ጋሼ ቶሎ። ሽቅብ ወጥቶ በሩን ድርግም አደረገው።

እህቴ ወንበሯ ላይ ተመልሳ እጇን አጣጠፈች። አርቢዋ መጥታ ከኔ ጎን ተቀመጠችና ቦቷን ዘረጋች። «ምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ።

«የእህቴ ምሳ ነው።»

«አትበላም?»

«ዛሬ የምትበላ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አናበላሸው» አለች። በላን። ስለ ዶሮ በሽታና ስለ ጨርቅ ጥራት መጥፋት አወራን። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ማንም ሽቦ አልነካም። ቀጠሮ የያዘ ደንበኛ ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ አየና «የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ተመለሰ። እኔ «ፈርሚ» ባልኳት ቃል በልቤ እያፈርኩ ተቀምጫለሁ። ወደኔ አንድ ጊዜ አየች። ፈገግ አላለችም፤ ግን ምሳ ዕቃው ባዶ መሆኑን አይታ ቅንድቧን አነሣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ቶሎ ወረደ። ኮቱን አውልቋል። ወረቀቱን አንሥቶ ለብቻው አነበበ። «ቃሉ ይስተካከል» አለ። «አዟል አይባልም። እንዲወጣ ተደርጓል ይባል።»

«ማን ነው ያደረገው?» አለች እህቴ።

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ጋሼ፣ እኔ ስጽፍ አልተጠየቀም አላልኩም። አልጠየቀችም ነው ያልኩት፤ እሷ፣ እኔ። ያዘዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ጮክ ብሎ። ፍልቅልቋ ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ሸፈነች።

«እንግዲያው ልክ ነው» አለች እህቴ። «እዚህ ጋ ነው።»

ፈረመ። ፊርማው ወረቀቱን ሊቀድደው ደርሶ ነበር። ዕቃ ገዢው ማንም ሳይጠራው ተከትሎ ፈረመ። ጋሼ ቶሎ ወረቀቱን ኪሱ ሊከት ሲል እህቴ እጇን ዘረጋች። «ግልባጭ ልጻፍ» አለች፤ ጻፈች፤ አራቱም ደግመው ፈረሙ። አንዱን ለአርቢዋ ሰጠች፣ ሌላውን ለእሱ መለሰች። የሱን ያን የመጀመሪያውን፣ «በማዛወሯ ነው» የሚለውን፣ ለሁለት ቀደደችና ቁራጭ ሽቦ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለችው።

ከዚያ መበየጃዋን ለኮሰች። ሠንጠረዡን ከኪሷ አውጥታ ፊቷ ዘረጋች። ከነጭ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ፣ በላዩ «ማሞቂያ»፣ «ማራገቢያ»፣ «ደወል» ብላ ጽፋ በጥቁሩ ቦርድ እግሮች አጠገብ ለጠፈችው፤ የታተሙት ቁጥሮች ከሥሩ ተሸፈኑ። በየደች። ስክሪኑን ብቻ አላየችም፤ ለሦስቱ ሥራ ሦስት አምፖል አንጠልጥላ፣ የሙቀት መለኪያውን አንዴ ቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ሙቅ ውሃ ውስጥ እያገባች አንድ በአንድ አበራቻቸው። አርቢዋ ቆማ አየች። «ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። አርቢዋ ሣጥኑን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች፤ አመሰግናለሁ አላለችም፤ እህቴም አልጠበቀችም።

ሁሉም ሥራው ያለቀ መስሎት መነሣት ጀመረ። እህቴ ግን ካቻቪቴዋን ይዛ ወደ መደርደሪያው ሄደችና ከስድስቱ ሣጥኖች የመጀመሪያውን አውርዳ ቀይ የተቀባውን ብሎን መፍታት ጀመረች።

«የታሸገ ሣጥን ክፈቺ ማን አለሽ?» አለ ጋሼ ቶሎ ከደረጃው መሐል።

«ማንም አላለኝም» አለች፤ ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ መሄድ አለባቸው!»

«ከደረሱ ይሄዳሉ።»

እሱም ወደ ቢሮው ወጣ። ፍልቅልቋ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ሣጥኑን ከእህቴ እጅ ነጠቀቻት። «ቀዩ የኔ ነው፤ የራሴን ጥፋት ራሴ እፈታለሁ» አለች። ሦስተኛዋም ሮዞቹን አወረደች። ፕሮግራመሩ ኮምፒዩተሩን ከነገመዱ ተሸክሞ ወርዶ ከጠረጴዛቸው ጥግ አስቀመጠው። እህቴ ወረቀት በቀጭኑ ትቆርጣለች፣ ትጽፋለች፣ ታቀብላቸዋለች። ለኔ «እታለም፣ እራት አትጠብቂኝ» አለችኝ ቀና ሳትል። ጀምሬ የተውኩት የሰው ቀሚስ ነበረና ምሳ ዕቃውን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።